ጉሩ ጎቢንድ ሲንግና የሲኮች ጥምጥም

ጢሙን ያሳደገና ራሱን በጥምጥም የሸፈነ ሕንዳዊ በአካል ወይም በሥዕል አይታችሁ ይሆናል። ይህ ሰው የሲክ ሃይማኖት ተከታይ ከሆነ፣ ጥምጥሙ ጌጥ ወይም የፀሐይ መከላከያ ብቻ አለመሆኑን ልብ በሉ። ትርጉሙን በሚገባ ለመረዳት ከሦስት መቶ ዓመታት በፊት የኖሩትን የጉሩ ጎቢንድ ሲንግን ሕይወት መመልከት ያስፈልጋል።

ጎቢንድ ሲንግ እ.ኤ.አ. በ1666 ዓ.ም. በምሥራቅ ሕንድ በፓትና ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ቴግ ባሃዱር የሲኮች ዘጠነኛው ጉሩ፣ ማለትም መምህርና መሪ ነበሩ። የመጀመሪያው ጉሩ፣ በ1469 ዓ.ም. የተወለዱት ናናክ፣ አምላክ አንድ እንደ ሆነና ሰው ሁሉ በፊቱ እኩል እንደ ሆነ አስተምረው ነበር። ይሁን እንጂ የሕንድ ኅብረተሰብ ካስት በሚባል የትውልድ መደብ ተከፋፍሎ ይኖር ነበር።

በ1675 ዓ.ም. የሞጎል ንጉሠ ነገሥት አውራንግዜብ ቴግ ባሃዱርን በዴልሂ ከተማ አንገታቸውን አስቀላቸው። የሲኮች ታሪክ እንደሚተርከው፣ በዚያ የፍርሃት ሰዓት ሲክነቱን በአደባባይ ለመግለጽ የደፈረ ሰው ጥቂት ነበር። ሆኖም ዝቅተኛ ይባል ከነበረው መደብ የተወለደው ጃይታ የመምህሩን ራስ በስውር አንሥቶ እስከ አናንድፑር በመውሰድ ለልጃቸው አስረከበ። ጎቢንድ በዚያን ጊዜ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። በዚህ ዕድሜያቸው ዐሥረኛው ጉሩ ሆኑ።

ወጣቱ መሪ ሁለት ጠላቶችን መቋቋም ነበረባቸው፤ አንደኛው የሚያሳድዳቸው ኃይል ሲሆን፣ ሁለተኛው በተከታዮቻቸው መካከል የነበረው ፍርሃትና የመደብ ልዩነት ነው። በ1699 ዓ.ም. በቫይሳኪ በዓል ቀን ሕዝቡን በአናንድፑር ሰበሰቡ። በትውፊት እንደሚነገረው፣ ሰይፋቸውን መዝዘው ራሱን ለእምነቱ የሚሰጥ ሰው ጠየቁ። ጉባኤው በድንጋጤ ጸጥ አለ። በመጨረሻ ግን አምስት ሰዎች ተራ በተራ ተነሡ። ከእነርሱም መካከል ገበሬ፣ ውኃ ቀጂና ፀጉር አስተካካይ ይገኙባቸው ነበር። ጉሩ አምስቱን በአንድ ጽዋ የተቀደሰ ጣፋጭ ውኃ አጠጥተው «ካልሳ» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ቀጥሎም ራሳቸው በእነዚያ ሰዎች እጅ ያንኑ ውኃ ተቀበሉ። እንግዲህ መምህሩ የደቀ መዛሙርቱ ደቀ መዝሙር ሆነ ማለት ነው። የካልሳ ወንዶች ሁሉ «ሲንግ»፣ ማለትም አንበሳ፣ ሴቶቹም «ካውር» ተባሉ።

የካልሳ አባል ከሚጠብቃቸው አምስት ምልክቶች አንዱ ያልተቆረጠ ፀጉር ነው። ሌሎቹ ማበጠሪያ፣ የብረት አምባር፣ አጭር ሱሪና ሰይፍ ናቸው። ጥምጥም ከአምስቱ አንዱ ባይሆንም፣ የአምላክ ስጦታ ነው ተብሎ የሚታመነውን ፀጉር ይጠብቃል። በዚያ ዘመን ያማረ ጥምጥም የመኳንንትና የሹማምንት የክብር ምልክት ነበር። ያ ክብር ለውኃ ቀጂውም ለገበሬውም በተሰጠ ጊዜ በመደቦች መካከል የነበረው ግንብ ተናጋ። ከዚህም ሌላ፣ ጥምጥም የጠመጠመ ሲክ በሕዝብ መካከል ሊሰወር አይችልም፤ የተቸገረ ሰው ለይቶ ይጠራዋል፤ ቢያጠፋም ጥፋቱ ይታወቅበታል።

ይህ መንገድ ጉሩን ብዙ አስከፈላቸው። በ1704 ዓ.ም. ገደማ ሁለቱ ታላላቅ ልጆቻቸው በቻምካውር ጦርነት ወደቁ። ዐሥር ዓመት ያልሞላቸው ሁለቱ ታናናሾችም ሃይማኖታቸውን አንለውጥም በማለታቸው በሲርሂንድ ተገደሉ። ጉሩ ግን ከዓላማቸው ንቅንቅ አላሉም። በ1708 ዓ.ም. በናንዴድ ከተማ ከማረፋቸው አስቀድሞ፣ ከእርሳቸው በኋላ የሲኮች ጉሩ ሰው ሳይሆን ቅዱስ መጽሐፋቸው እንዲሆን ወሰኑ።

ጥምጥሙ ዛሬም በሲኮች ዘንድ ታላቅ ማኅበራዊ ትርጉም አለው። አባት ሲሞት የበኩር ልጅ በዘመድ ፊት ጥምጥም ይደረግለታል፤ ይህም የቤተሰቡን ኃላፊነት መረከቡን ያመለክታል። ሁለት ወዳጆች ጥምጥም ከተለዋወጡ እንደ ወንድማማች ይቈጠራሉ። የሚጠመጥሙ ሴቶችም አሉ። ወደ ውጭ አገር የሄዱ ሲኮች ስለ ጥምጥማቸው ብዙ ተከራክረዋል፤ በብሪታንያ በ1976 ዓ.ም. የወጣ ሕግ ጥምጥም የጠመጠሙ ሲኮች ያለ መከላከያ ቆብ ሞተር ብስክሌት እንዲነዱ ፈቀደላቸው። በፈረንሳይ አገር ግን በ2004 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ጥምጥምን ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች አገደ።

እንግዲህ በጥምጥም የተሸፈነ ራስ ስታዩ፣ የጨርቁን ቀለምና አጠማጠም ብቻ አትመልከቱ። ከጨርቁ ሥር የአንድ አባት ሞት፣ የአራት ልጆች መሥዋዕትነትና በአንድ ጽዋ የጠጡ የአምስት ሰዎች እኩልነት እንዳለ አስታውሱ። ክብር ለሁሉ የተሰጠ እንደ ሆነ፣ ኃላፊነቱም የሁሉ ይሆናል።