ሰው ሳያመሰግነው የሠራ መዘምር

አንባቢ ሆይ፤ ሥራህን በትጋት ሠርተህ የሚያመሰግንህ ሰው ብታጣ ልብህ ይዝላልን? እንግዲያውስ የዮሐን ሰባስቲያን ባኽን ታሪክ አስተውለህ አንብብ።

ባኽ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1685 ዓ.ም. በጀርመን አገር በአይዘናኽ ከተማ ተወለደ። ዐሥር ዓመት ሳይሞላው እናትና አባቱ ተከታትለው ሞቱ፤ ታላቅ ወንድሙም ወስዶ አሳደገው። ካደገም በኋላ ኀዘን አልራቀውም፤ በ1720 ዓ.ም. ከጌታው ጋር ሄዶ ሲመለስ ሚስቱን ሞታ፥ ተቀብራም አገኘ። ሁለተኛም አግብቶ፥ ከሁለቱ ከወለዳቸው 20 ልጆች ዐሥሩ ሳያድጉ ሞቱበት።

በ1723 ዓ.ም. በላይፕሲሽ ከተማ የቅዱስ ቶማስ መዘምራን አለቃ ሆነ። የከተማው ሹማምንት ግን አስቀድመው ሌሎችን ፈልገው ነበር፤ እርሱን የተቀበሉት እነዚያ ስላልሆኑላቸው ነው። እርሱም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለየእሑዱ ለማለት ያህል ካንታታ የሚባለውን የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ አዲስ እየደረሰ ልጆቹን ያስጠና ነበር።

ድካሙንም ልሰውርህ አልወድም፤ ቍጡ ሰው ነበር። በ1730 ዓ.ም. ሹማምንቱ ሥራውን ቸል ይላል ብለው ወቀሱት፤ እርሱም የመዘምራኑን ማነስ ጽፎ አመለከተ፥ ሌላ ሥራ እስኪፈልግም ድረስ ተማረረ። ነገር ግን ምሬቱ እጁን አላሰነፈውም። በ1727 ዓ.ም. ያሰማውን የማቴዎስ ወንጌል ሕማማት በ1736 ዓ.ም. በገዛ እጁ አጥርቶ ሲገለብጥ፥ የወንጌሉን ቃል በቀይ ቀለም ጻፈው፤ የእኛ አገር ጸሐፊዎች በብራና ላይ ቅዱሳት ስሞችን በቀይ እንደሚጽፉ ነው። ያም ድርሰት በሕይወቱ ሳለ አልታተመም። በብዙ ድርሰቶቹ መጨረሻም ክብር ለእግዚአብሔር ብቻ መሆኑን የሚያመለክቱ ሦስት ፊደላት ያኖር ነበር።

በ1750 ዓ.ም. ዓይኑን ሁለት ጊዜ ታክሞ ሳይድን ሞተ። ሕማማቱም ብዙ ዘመን ተረስቶ ከኖረ በኋላ፥ በ1829 ዓ.ም. ፌሊክስ ሜንደልሶን የሚባል የ20 ዓመት ወጣት በበርሊን አሰማው። ከ1971 እስከ 1989 ዓ.ም. ደግሞ ኒኮላውስ ሃርኖንኩርትና ጉስታቭ ሌዮንሃርት 200 የሚያህሉትን መንፈሳዊ ካንታታዎቹን በሸክላ አስቀረጹ፤ እንደ ባኽም ዘመን ወንዶች ልጆች ዘመሩበት። ለአንድ ከተማ እሑድ የተደረሰው ዝማሬ እነሆ በሩቅ አገር ቤት ውስጥ ይሰማል።

ወዳጄ ሆይ፤ ባኽ ይህን አላየም፤ በቀይ ቀለም ሲጽፍም አልጠበቀም። አንተም ነገ በመሥሪያ ቤትህ ወይም በትምህርት ቤትህ ማንም የማይመረምረው ሥራ ቢሰጥህ፥ አጥርተህ ሥራው።