ዶሚኒክ ዣን ላሬና የቁስለኞች ተራ

ከሰበታ በጅማ መንገድ፥ ከቡራዩ በአምቦ መንገድ፥ ከሱሉልታም የእንጦጦን ቁልቁለት ወርዶ አደጋ የደረሰበት ሰው አዲስ አበባ ሆስፒታል ሲደርስ፥ በድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ የሚነሣው ጥያቄ ማን ቀድሞ ይታከም የሚለው ነው። ሐኪሞች «ትሪያጅ» የሚሉት የዚህ ልየታ ታሪክ ወደ አንድ ፈረንሳዊ የጦር ሐኪም ይመራል። መሐንዲስን ይህ ምን አገባው የሚል ባልደረባ ቢኖር፥ ሰውየው ከደንቡ አስቀድሞ የሠራው ሠረገላ መሆኑን ልብ ይበል።

ላሬ በፒሬኔ ተራሮች ግርጌ እ.ኤ.አ. በ1766 ተወለደ። በልጅነቱ አባቱን ስላጣ ቱሉዝ የነበረው ሐኪም አጎቱ አሳድጎ ቀዶ ሕክምና አስተማረው። በ1792 ከራይን ጦር ጋር ሲዘምት፥ የሕክምናው ጓድ በደንቡ መሠረት ከጦሩ በስተኋላ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይቆም ስለነበር፥ ቁስለኛው ውጊያው እስኪያበቃ፥ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ፥ በወደቀበት ይቆይ ነበር።

ላሬ የፈረሰኛው መድፍ የሚከንፍበትን ፍጥነት ተመልክቶ ለቁስለኛም ተመሳሳይ ነገር አሰበ። ትንሹ ሠረገላ ባለ 2 እግር ሆኖ በ2 ፈረስ ይሳባል፤ 2 ሰው ያስተኛል። ትልቁ ባለ 4 እግር ሲሆን 4 ሰው ይይዛል። አካሉ በሞላ ላይ የተንጠለጠለ፥ የፍራሹም መደብ በትናንሽ መንኮራኩሮች እየተንሸራተተ የሚወጣና የሚገባ ነበር። በግብፅ ዘመቻ አሸዋው ሠረገላ ቢከለክለው በግመል ጎንና ጎን ሣጥን አስሮ ቁስለኛ አጓጓዘ።

የታወቀው ደንቡ የተከተለው ከዚህ በኋላ ነው፤ ማዕረግም ሆነ ዜግነት ሳይታይ በጽኑ የቆሰለ ይቅደም። ቀላል ቁስለኞች፥ በተለይ ፈረስ ያላቸው መኮንኖች፥ ወደ ኋላ ሆስፒታል ይሂዱ። እኔ ግን ልየታው ከበሩ አስቀድሞ መንገድ ላይ ይጀመራል ባይ ነኝ። ከሰበታ ያለውን 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በሕይወት ያልጨረሰ ሰው በማንም ዝርዝር አይገባም።

የላሬ ትልቁ ፈተና ግን በ1813 በሳክሶኒ የገጠመው ይመስለኛል። ከ2,000 የሚበልጡ ወጣት ምልምሎች እጃቸውና ጣታቸው ቆስሎ ቢገኙ፥ ከጦርነት ለመሸሽ ራሳቸውን አቆሰሉ ተብለው ተከሰሱ፤ ጄኔራሎቹም ቅጣት ጠየቁ። ናፖሊዮን ምርመራውን ለላሬ ሰጠ። ላሬ ቁስሉን አንድ በአንድ እየመረመረ ቀናት ፈጀ። ያልሠለጠኑ ልጆች በሰልፍ ተደራርበው ሲተኩሱ የኋለኞቹ የፊተኞቹን እጅ ያቆስሉ እንደነበር ተረዳና፥ ለክሱ ማስረጃ የለም ብሎ በጽሑፍ አቀረበ። ንጉሠ ነገሥቱ የጠበቀው ይህን እንዳልነበረ ይነገራል፤ ቢሆንም ተቀብሎ ሸለመው። ቁስልን ከቁስለኛው ስም ለይቶ ማየት ከባለ ሥልጣን ፊት ሲሆን እጅግ ይከብዳል።

በ1815 ዋተርሉ ላይ ፕሩሳውያን ማርከው ሊረሽኑት ሲሉ አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ለይቶት ወደ ጄኔራል ብሉሸር አቀረበው። ላሬ ቀደም ሲል የዚህን ጄኔራል ቁስለኛ ልጅ አክሞ ነበርና በክብር ተለቀቀ።

ናፖሊዮን በኑዛዜው 100,000 ፍራንክ ተወለት። ላሬ በ1842 ከአልጄሪያ የሆስፒታል ጉብኝት ሲመለስ ሊዮን ላይ አረፈ። በኤንቫሊድ ለመቀበር የነበረው ምኞት ያን ጊዜ ሳይፈቀድ ቀርቶ በፔር ላሼዝ ተቀበረ፤ ዐፅሙ ወደ ኤንቫሊድ የተዛወረው በ1992 ነው።