ሆራስ ማን ማን ነበር?

ሆራስ ማን እ.ኤ.አ. በ1796 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት፣ ፍራንክሊን በምትባል ከተማ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። እስከ 15 ዓመቱ ድረስ በዓመት ከ10 ሳምንት በላይ ትምህርት ቤት ውሎ አያውቅም። የቀረውን ከከተማው ቤተ መጻሕፍት ለቃቀመ። አድጎም ጠበቃ ሆነ፤ የክፍለ ግዛቱ ሴኔት ፕሬዚዳንት እስከ መሆንም ደረሰ።

በ1837 ግን ይህን ሁሉ ትቶ የማሳቹሴትስ ትምህርት ቦርድ የመጀመሪያው ጸሐፊ ሆነ። እየዞረ ትምህርት ቤቶችን ሲያይ ያገኘው ያልሠለጠነና ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ የሆነ አስተማሪ ነበር። ጥሩ መምህር በምኞት እንደማይገኝ፣ መንግሥት ሊያሠለጥነውና በወጉ ሊከፍለው እንደሚገባ ተከራከረ። አንድ ባለጠጋ 10,000 ዶላር ሰጠ፤ መንግሥትም ያንኑ ያህል ጨመረ። በ1839 በሌክሲንግተን ከተማ የአገሪቱ የመጀመሪያው የመንግሥት መምህራን ማሠልጠኛ ተከፈተ። በመክፈቻው ቀን ስንት ሠልጣኝ መጣ? ሦስት ልጃገረዶች ብቻ!

በ1840 አንዳንድ የምክር ቤት አባላት ቦርዱም ማሠልጠኛዎቹም ይዘጉ አሉ። በድምፅ ተሸነፉ። ማን እስከ 1848 በሥራው ላይ ሳለ የመምህራን ደመወዝ ከግማሽ በላይ አደገ። የሴቶቹ ክፍያ ግን ከወንዶቹ እጅግ እንዳነሰ ቀረ፤ ይህን በደል እሱም አላቃናውም።

ማን በ1859 አረፈ። እጩ መምህራን ሆይ! ሥልጠና ያለ ደመወዝ፣ ደመወዝም ያለ ሥልጠና መምህርን አያቆምም። ክፍሉ ሲጠብባችሁ እነዚያን ሦስት ልጃገረዶች አስታውሱ።