ብስጭቱ የማን ነበር?

ከቅዱስ ላሊበላና ከወንድሙ ከንጉሥ ሐርቤ ሕይወት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምዕመናን! ጾም ሲገባ ከሥጋና ከወተት እንከለከላለን፤ ከንዴት ግን ስንቶቻችን ነን የምንከለከለው? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተን ወደ ቤት ስንመለስ ልጅ ቢያለቅስ እንቆጣለን። ጎረቤት ድምፁን ከፍ ቢያደርግ ፊታችን ይጠቁራል። በቅዳሴ ሰዓት ከፊታችን የቆመው ሰው ወዲያ ወዲህ ቢል እንኳ ልባችን ከጸሎቱ ወጥቶ እሱ ላይ ያርፋል። ለምን እንደ ተቆጣን የጠየቀን ካለ ደግሞ መልሳችን አንድ ነው፤ እሱ አበሳጨኝ፣ እሷ አናደደችኝ እንላለን። ልብ ብላችሁ ከሆነ ተናደድኩ ከማለት አናደደኝ ማለት ይቀናናል። ንዴቱ በእኛ ልብ ውስጥ ሆኖ ባለቤቱ ግን ሌላ ሰው ነው።

ስለዚህ ነገር ለመማር ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ ለምንኖር ሰዎች የዛጉዬ ነገሥታት ታሪክ የቤታችን ታሪክ ነው። የዋግ ሹሞች የዘር ሐረጋቸውን የሚቆጥሩት ከእነዚሁ ነገሥታት ነው። የአገው ልሳን እስከ ዛሬ በአገራችን ይነገራል። በሰቆጣ አቅራቢያ ያለው ከዓለት የተፈለፈለው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስም ከላስታዎቹ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጋር ወንድማማች ነው። እንግዲህ ከዚያ ቤት የወጡ የሁለት ወንድማማቾችን ሕይወት እንመልከት።

ንቦቹ

ቅዱስ ላሊበላ በላስታ ቡግና፣ ሮሐ በተባለችው ቦታ ተወለደ። አባቱ ዛን ሥዩም፣ እናቱ ኪዮርና ይባላሉ። ገድሉ እንደሚነግረን ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ ንቦች መጥተው ከበቡት። እናቱ ይህን አይታ ንብ ንግሥናውን አወቀ ስትል ላሊበላ ብላ ሰየመችው። ስሙ ከአገው ቋንቋ የመጣ ነው።

በዚያ ዘመን የዛጉዬን መንግሥት የያዘው ታላቅ ወንድሙ ሐርቤ ነበር፤ ገብረ ማርያምም ይባላል። የንቦቹ ነገር ወደ ሐርቤ ጆሮ በደረሰ ጊዜ ልቡ ታወከ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የታናሽ ወንድሙን ስም መስማት ከበደው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በእኛ አገር ቀፎ የማይሰቅል ገበሬ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። መንጋ ንብ ወደ ሰፈር ሲመጣ ባዶ ቀፎ ያለው ሰው ይደሰታል፣ ንብ የሚፈራው በሩን ዘግቶ ይገባል። ንቡ ግን ያው አንድ ንብ ነው። ኪዮርና በንቦቹ በረከት አየች፤ ሐርቤ በዚያው ነገር ሥጋት አየ። ሕፃኑ ምን አደረገ? ተኝቶ ነበር እኮ! ገና አፉን ያልፈታ ልጅ ንጉሥን ሊያስቆጣ አይችልም። ሐርቤን ያወከው በገዛ ልቡ የተቀመጠው ዙፋኔን አጣለሁ የሚል ፍርሃት ነው። ነገር ግን ፍርሃቱን የራሴ ነው ብሎ ስላልያዘው የወንድሙ ጥፋት አድርጎ ቆጠረው። ባለቤት ያጣ ብስጭት ደግሞ ሁልጊዜ የሚያርፍበት ሰው ይፈልጋል።

ጽዋውና ግርፋቱ

ላሊበላ አደገ፤ በመንፈሳዊ ትምህርትም በረታ። ጥላቻውም አብሮት አደገ። ከቤተ ዘመዱ መካከል እህቱ በጽዋ መርዝ አቀረበችለት። አብሮት የነበረው ዲያቆን ቀድሞ ቀመሰና ሞተ። ላሊበላም ስለ እኔ ሌላው ከሞተ እኔ ለምን እተርፋለሁ ብሎ አውቆ ከዚያው ጽዋ ጠጣ። ሦስት ቀን እንደ ሞተ ሆኖ ተኛ። በዚያን ጊዜ መላእክት ወደ ሰማይ አውጥተው በኋላ ከአንድ ዓለት የሚያንጻቸውን አብያተ ክርስቲያናት እንዳሳዩት ገድሉ ይተርካል።

ከዚያ በኋላ ወደ ምድረ በዳ ሸሸ። ኋላም ከቅድስት መስቀል ክብራ ጋር በጋብቻ ተጣመረ። አሁንም ክስ ተነሣበት፤ ንጉሡም በፊቱ አቁሞ አስገረፈው። በቸርነቱ እግዚአብሔር ጠበቀውና ግርፋቱ ሳይጎዳው ቀረ።

ምዕመናን ሆይ፣ እዚህ ላይ ነገሩን በደንብ እንለየው። ግርፋቱ የሐርቤ ኃጢአት ነው፤ የላሊበላ አይደለም። ብስጭትህ የራስህ ነው ሲባል የተበደለ ሰው አልተበደልኩም ይበል ማለት አይደለም። በደል በደል ነው፤ ለዚህ ሽማግሌም አለ፣ ዳኛም አለ። ነገር ግን ከበደሉ በኋላ በልባችን የምናሳድረው ቂም የበዳያችን ንብረት አይደለም። እሱ መትቶን ሄዷል፤ ቂሙን በየማታው እያነሣን የምንቀልበው እኛ ነን። ላሊበላ የተገረፈበትን ጅራፍ ይዞ ወደ ቤቱ አልገባም። ወደ እግዚአብሔር ፊቱን መለሰ፤ በመልአክ መሪነት ቅድስት አገር ኢየሩሳሌምን ሊሳለም ሄደ።

ንጉሡ መንገድ ወጣ

ከታሪኩ ሁሉ የሚያስደንቀው አሁን የሚመጣው ነው። ጌታችን ለሐርቤ በራእይ ተገልጦ ዙፋኑን ለወንድሙ እንዲለቅ አዘዘው። ሐርቤ በዚህ ጊዜ ብዙ ሰበብ ማቅረብ ይችል ነበር። አማካሪዎቼ አሳሳቱኝ፣ ከሳሾቹ ዋሹኝ፣ የንቦቹ ወሬ አስጨነቀኝ ማለት ይችል ነበር። እሱ ግን ወንድሙ ወደሚመጣበት መንገድ ወጣ። በተገናኙ ጊዜም ስላደረገበት ሁሉ ይቅርታ ለመነው። ላሊበላም ተቀበለው፤ ተቃቅፈው ሰላም ተባባሉ። ሐርቤ ዙፋኑን በገዛ እጁ አስረከበ። ላሊበላም ገብረ መስቀል ተብሎ ነገሠ።

አንድ ንጉሥ ይህን ሲያደርግ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት! እኛ እኮ በአንድ የድንበር ድንጋይ፣ በአንድ የመስኖ ተራ የተጣላነውን ጎረቤት ቀድሞ ሰላም ለማለት ዓመት ይፈጅብናል። እሱ ይቅደም እንላለን። ሐርቤ ግን ዘውድ እያለው ቀደመ። አባቶቻችንም ይህን ንስሐውን አይተው ከዛጉዬ ቅዱሳን ነገሥታት ቆጠሩት። ቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ቅዱስ ሐርቤ፣ ቅዱስ ላሊበላና ቅዱስ ነአኩቶ ለአብ እየተባለ ስሙ ከወንድሙ ስም ጋር አብሮ ይጠራል። አሳዳጁም ተሳዳጁም በአንድ መዝገብ ገቡ ማለት ነው። ቅንዓት የያዘው ሰው ጠፍቶ አይቀርም፤ የሚጠፋው ቅንዓቱን የሌላው ጥፋት አድርጎ ይዞ የሚሞተው ነው።

የወንድም ልጅ

ቅዱስ ላሊበላ 40 ዓመት እንደ ነገሠ ይነገራል፤ ዘመኑም በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ነው። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በስሙ ይታወቃሉ። እነዚህን ዓለም ሁሉ ያውቃቸዋል። ነገር ግን ቱሪስት የማያየው ሌላ ሥራ አለው። በትውፊታችን እንደሚነገረው ቅዱስ ነአኩቶ ለአብ የሐርቤ ልጅ ነው። ላሊበላና መስቀል ክብራ ይህን ልጅ በቤታቸው አሳደጉት፤ በኋላም በላሊበላ ዙፋን ተቀመጠ። ላሊበላ ይትባረክ የተባለ የራሱ ልጅ ነበረው። ያስገረፈውን ሰው ልጅ በማዕዱ አስቀምጦ ሲያሳድግ በየቀኑ የወንድሙን መልክ በልጁ ፊት ላይ ያይ ነበር። ቂም በልቡ ቢኖር ኖሮ ይህ ልጅ በየማለዳው ባበሳጨው ነበር። ዓለት መፈልፈል ከባድ ነው፤ የገዛ ልብን መፈልፈል ግን ከዚያ ይከብዳል።

እኛስ?

ንስሐ አባታችን ፊት ስንቀርብ ብዙ ጊዜ የምንናዘዘው የጎረቤታችንን ኃጢአት ነው። አማቴ እንዲህ ብላኝ፣ ባለቤቴ እንዲህ አድርጎኝ፣ ወንድሜ መሬቱን ገፍቶኝ እያልን እንቆይና የራሳችን ተራ ሳይደርስ ሰዓቱ ያልቃል። በዚህ ጾም ግን ሦስት ነገር እንሞክር።

አንደኛ፣ ንዴት ሲመጣ አናደደኝ ማለትን ትተን ተናደድኩ እንበል። ቃሉ ትንሽ ነው፤ ግን ነገሩን ወደ ባለቤቱ ይመልሰዋል።

ሁለተኛ፣ በዚያ ሰው ላይ ያየነው ነገር ምናችንን እንደ ነካው እንመርምር። ፍርሃት ነው? ቅንዓት ነው? ወይስ ረሃብና ድካም ብቻ ነው? ረሃብ ከሆነ ጥፋቱ የልጃችን አይደለም።

ሦስተኛ፣ ያስቀየምነው ሰው ካለ እንደ ሐርቤ መንገድ እንውጣ። መሥዋዕታችንን ከማቅረባችን በፊት ከወንድማችን ጋር እንድንታረቅ ጌታችን በወንጌል አዝዞናል። ሥጋ ሳይበሉ የወንድምን ሥጋ መብላት ጾም አይደለም።

ሰኔ 12 ቀን የቅዱስ ላሊበላን በዓለ ዕረፍት ስናከብር በዚያ መንገድ ላይ የቆመውንም ወንድሙን እናስበው። አምላከ ቅዱሳን ልባችንን የምናይበትን ዓይን፣ ቀድመን ይቅርታ የምንጠይቅበትንም ድፍረት ያድለን። የቅዱሳን ነገሥታት ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።