ሉዊስ ብሬል፦ ከተከለከለ ጽሕፈት እስከ ሕጋዊ መብት

ሉዊስ ብሬል እ.ኤ.አ. በ1809 በፈረንሳይ ኩቭሬ መንደር ተወለደ። የ3 ዓመት ሕፃን ሳለ ኮርቻ ሠሪ በሆነው አባቱ የሥራ ቦታ ዓይኑ በስለታም መሣሪያ ተወጋ፤ ውሎ አድሮም የሁለቱንም ዓይኖቹን ብርሃን አጣ። በ10 ዓመቱ ፓሪስ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባ። የትምህርት ቤቱ መጻሕፍት በወረቀት ላይ ጎልተው በታተሙ መደበኛ ፊደላት የተዘጋጁ በመሆናቸው በጣት ዳስሶ ማንበቡ አዳጋች ነበር። ብሬል በ15 ዓመቱ በ6 ነጥቦች ላይ የተመሠረተ ጽሕፈት ቀመረ፤ በ1829ም አሳተመው።

ከ1840 ጀምሮ ትምህርት ቤቱን የመሩት ኃላፊ ግን ጽሕፈቱን ከለከሉ። ተማሪዎቹ በምስጢር ሲጠቀሙበት ቆዩ። ፈረንሳይ በይፋ የተቀበለችው በ1854፣ ብሬል ካረፈ ከ2 ዓመት በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውና ኢትዮጵያ በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 የብሬል ትምህርትን ማመቻቸት የመንግሥታት ግዴታ አድርጎ ደንግጓል።