ኦኒ ኒስካነን፡ ሰዓቱን ያመነው መልማይ

የታዳጊ ምልመላ በአገራችን ምን እንደሚመስል ለእግር ኳስ አፍቃሪው መተረክ ለቀባሪው ማርዳት ነው። አንድ መልማይ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ገባ ከተባለ የከተማው ልጅ ብቻ ሳይሆን ከወንበርማ፣ ከጃቢ ጠህናንና ከደምበጫ ገጠር በእግሩ የመጣውም ሜዳው ላይ ይኮለኮላል። ልጁ የሚታየው ቢበዛ ለሩብ ሰዓት ነው። በዚያች ሩብ ሰዓት ኳስ ካልደረሰችው አለቀለት። ቁመቱ ዘለግ፣ ደረቱ ሰፋ ያለው ይያዛል፤ ቀጫጫው ወደ መጣበት ይመለሳል። ከተያዙት ውስጥ ስንቱ እድሜውን እንደቀነሰ ደግሞ ፈጣሪ ይወቀው። ፊፋ እ.ኤ.አ ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤም አር አይ ማስመርመር የጀመረው ወዶ አይደለም።

ስለ ምልመላ ሲነሳ ታሪኩ ሊነገር የሚገባው ሰው አለ። የኳስ ሰው አይደለም፣ የአትሌቲክስ ነው። ግን የኛ የኳስ መልማዮች ከሱ ብዙ ሊማሩ በቻሉ ነበር።

ኦኒ ኒስካነን እ.ኤ.አ በ1910 በፊንላንድ ተወልዶ በስዊድን ያደገ ሰው ነው። ፊንላንድ በሶቭየት ኅብረት ስትወረር በፈቃደኝነት ዘምቶ ተዋግቷል። ኢትዮጵያ የገባው በ1946 ነው። ያን ጊዜ መንግሥት ጦሩን የሚያሰለጥኑለት ስዊድናውያን መኮንኖችን ያስመጣ ነበርና ኒስካነንም የአካል ማጎልመሻ አስተማሪ ሆኖ ከነሱ ጋር ሠራ። ለጥቂት ጊዜ ብሎ መጥቶ ይሁን ሌላ፣ ብቻ የዕድሜውን ትልቁን ክፍል እዚሁ አሳለፈ። የክብር ዘበኛ ሯጮችን የያዘውም እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በ1956 በተካሄደው የጦር ሠራዊት ሻምፒዮና ማራቶን ያሸነፈው ዋሚ ቢራቱ ነበር። ሁለተኛ የወጣው አበበ ቢቂላ የሚባል የክብር ዘበኛ ወታደር ነው። በወቅቱ ስም የነበረው ዋሚ ነው። አበበ በኒስካነን ሥር በደንብ መሠልጠን የጀመረው በ1959 ሲሆን ያን ጊዜ 27 ዓመቱ ነበር። ልብ በሉ፣ 27 ዓመት! ዛሬ በዚህ እድሜ ለሙከራ ልምጣ የሚል ተጫዋች በር ላይ ነው የሚመለሰው።

ከሮም ኦሊምፒክ በፊት፣ በ1960 ክረምት፣ አዲስ አበባ ላይ ማጣሪያ ተደረገ። አንዴ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሐምሌ ወር አበበ ማራቶን ሮጦ አሸነፈ። ከወር በኋላ እንደገና ሮጠ፣ እንደገና አሸነፈ፣ ሰዓቱም 2፡21፡23 ሆነ። የቼኮዝሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ያስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን 2፡23፡03 ነበር። አንድ የማይታወቅ ወታደር፣ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ፣ አየሩ በሳሳበት፣ ዛቶፔክን በደቂቃ ከግማሽ በለጠው ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ምን ክርክር ያስፈልጋል?

እዚህ ላይ አንድ ተረት ማንሳት ግድ ይላል። አበበ ወደ ሮም የሄደው ዋሚ ስለታመመ ወይም ስለተጎዳ በመጨረሻ ሰዓት ተተክቶ ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ታሪኩ ደስ ይላል፤ በየሰፈሩ የሚወራውም ለዚሁ ነው። ነገር ግን በአንድ ክረምት ሁለት ማራቶን ያሸነፈን፣ ሰዓቱም ከኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የተሻለን ሯጭ ተቀያሪ ብሎ መጥራት ለእኔ አይዋጥልኝም። ዕድል አንድን ሰው አውሮፕላን ላይ ልታሳፍረው ትችላለች፤ 2፡21 ግን አታስሮጠውም። ሰውየው አበበን ያገኘው በሰዓት መቁጠሪያው ነው።

ሁለተኛው ምርጫው ደግሞ ከአበበ ይበልጥ የሚገርም ነው። አበበ ዋቅጅራ ሮም ሲሄድ 38 ዓመቱ ነበር። በ38 ዓመቱ የዓለም ሰባተኛ ሆኖ በ2፡21፡09 ገባ። እድሜ አይቶ የሚመለምል ሰው እሱን እንኳን ሊመርጠው ዞሮም አያየው።

የሮሙን ውድድር አንባቢ ያውቀዋልና አላረዝመውም። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ማታ ነው። እዚያ የተገዛው ጫማ ስላልተመቸው አበበ በባዶ እግሩ ሮጠ። የአክሱም ሐውልት በቆመበት አካባቢ ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎ ወጣና በ25 ሰከንድ ልዩነት፣ በ2፡15፡16 አሸነፈ። የዓለም ክብረ ወሰንም ሆነ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ አምስት ሳምንት ገደማ ቢሆነው ነው፣ በ2፡12፡11 ደገመው። ሁለተኛው እንግሊዛዊ ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው የደረሰው።

ኒስካነን ያደገባት ስዊድን በበረዶ ላይ በሚጫወቱት ሆኪ የታወቀች ናት። የሰሜን አሜሪካው ሊግ፣ ኤን ኤች ኤል የሚሉት፣ ከ1963 ጀምሮ ወጣቶችን የሚከፋፈለው ድራፍት በሚባል ሥርዓት ነው። ክለቦች በተራ ይመርጣሉ፣ በሊጉ ግርጌ የነበሩት ይቀድማሉ። ገና 18 ዓመት የሞላው ልጅ ሳይቀር በመልማዮች ተመዝኖ፣ ተለክቶ፣ ደረጃ ወጥቶለት ነው የሚቀርበው። ይህን ሁሉ ገንዘብና ባለሙያ ይዘውም ይሳሳታሉ። ስዊድናዊው ሄንሪክ ዜተርበርግ በ1999 የተመረጠው 210ኛ ሆኖ ነው። በ2008 ግን ክለቡን ዲትሮይትን ዋንጫ አስበልቶ የጥሎ ማለፉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። እነሱ እንዲህ ከሳቱ የኛ የሩብ ሰዓት መልማይ ቡሬ ላይ ስንቱን ይስታል?

ማሞ ወልዴን እንይ። በ1956 ሜልቦርን ላይ በ800ና በ1500 ሜትር ተወዳድሮ ማጣሪያውን አላለፈም። ያን ቀን ፋይሉ ቢዘጋ ኖሮ የሚቆጭ አልነበረም። ርቀቱ እየረዘመ ሄደ። በ1964 በ10 ሺህ ሜትር አራተኛ፣ በ1968 ሜክሲኮ ላይ በዚያው ርቀት የብር ሜዳሊያ፣ ከዚያም አበበ በጉዳት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ባቋረጠው ማራቶን ወርቅ። ከሜልቦርን እስከ ወርቁ 12 ዓመት ነው። በኛ እግር ኳስ ለአንድ ታዳጊ 12 ወር የሚታገስ ክለብ ማን ነው?

ኳስ እንደ ማራቶን በሰዓት አይለካም የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። የአማካይን አእምሮ የሚለካ ሰዓት አልተሠራም። ሁለተኛ ሄዶ ማየት ግን ይቻላል። ፍኖተ ሰላም ከ1800 ሜትር በላይ፣ ቡሬ ከ2000 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጡ ከተሞች ናቸው፤ ልጁ ከገጠር ትምህርት ቤት ድረስ ሲመላለስ ሳንባውን ያሠራል። ሐምሌ ላይ ያልታየው ነሐሴ ላይ ቢታይ የሚጠፋው የአንድ ሰው የአውቶቡስ ቲኬትና አበል ብቻ ነው።

አበበ በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ፤ በ1973 በ41 ዓመቱ አረፈ። ኒስካነን ከሱ በኋላ አሥር ዓመት ያህል ኖሮ በ1984 ሞተ። በዚያው ዓመት ክረምት ኢትዮጵያ ከሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ቀረች፤ ለዚያ ውድድር ሲዘጋጁ የነበሩት ሯጮችም ሰዓታቸውን ይዘው አገር ቤት ቀሩ።