የ23 ዓመት ጥያቄ፦ የጄምስ ቻፒን ሕይወት ባጭሩ

ለዛሬ የማስተዋውቃችሁ ሰው አንዲት መልስ ያጣላት ጥያቄ ይዞ 23 ዓመት የቆየ ሰው ነው።

የወፎች ተመራማሪው ጄምስ ቻፒን እ.ኤ.አ. በ1889 በኒውዮርክ ከተማ ተወለደ። ገና በ19 ዓመቱ፣ ማለት በእኛ ዕድሜ፣ የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ኸርበርት ላንግ ከሚባል ባልደረባው ጋር ወደ ኮንጎ ላከው። ያን ጊዜ አገሪቱ በቤልጅግ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። ሁለቱ ሰዎች ከ1909 እስከ 1915 ድረስ እዚያው አራዊትና አእዋፍ ሲሰበስቡ ቆዩ።

እ.ኤ.አ. በ1913 ኢቱሪ በሚባለው ደን፣ አቫኩቢ ላይ፣ ከአንድ ያገሬው ሰው ቆብ ላይ የተሰካች ላባ አገኘ። ቀላ ያለች ቡናማ፣ በጥቁር መስመር የተዥጎረጎረች ናት። ከሚያውቃቸው ወፎች የአንዱም አልሆነችለትም። እንዲያው የገመተውን ስም ሰጥቶ መገላገል ይችል ነበር። እሱ ግን ላባዋን አስቀመጣት።

እ.ኤ.አ. በ1936 ብራስልስ አጠገብ፣ ቴርቩረን ወደሚገኘው የኮንጎ ሙዚየም ሄደ። እዚያ ቁም ሣጥን ላይ ሁለት የደረቁ ወፎች ተቀምጠዋል። የተለጠፈባቸው ወረቀት ከውጭ የመጡ የሕንድ ጣዎሶች ናቸው ይላል። ቻፒን ሴቲቱን ወፍ ሲያይ ያቺ ላባ ትዝ አለችው። ለካ የዚችው ወፍ ኖሯል!

በዚያው ዓመት ወፏን አፍሮፓቮ ኮንጀንሲስ ብሎ ሰየማት፤ እኛ የኮንጎ ጣዎስ ልንላት እንችላለን። በ1937 ደግሞ ወደ ኮንጎ ተመልሶ አገሯ ላይ አገኛት። በቆላው ጥቅጥቅ ደን መሬት ለመሬት እየሄደች ፍሬና ነፍሳት ትለቅማለች፤ ሲመሽ ዛፍ ላይ ታድራለች። ከዚያ በፊት ጣዎስ የእስያ ብቻ ነው ይባል ነበር። ላባዋን ቆባቸው ላይ የሚሰኩት የደኑ ሰዎች ግን ድሮውኑ ያውቋታል። አዲስ የሆነችው ለሙዚየሞቹ ነው።

ቻፒን ስለ ኮንጎ ወፎች አራት ቅጽ መጽሐፍ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1964 አረፈ።

እንግዲህ ነገ ክፍል ስንገባ ተማሪ የማናውቀውን መጠየቁ አይቀርም። ላፍታ ላለማፈር ብለን ያልሆነ መልስ ብንሰጠው፣ ልክ እንደ ሁለቱ ወፎች የተሳሳተ ወረቀት ለጠፍንበት ማለት ነው። ልጁም ያንኑ ይዞ ያድጋል። አላውቅም፣ አጣርቼ እነግርሃለሁ ብሎ ጥያቄውን ደብተር ላይ ማስፈር ይሻላል፤ መልሱን ፈልጎ መመለስ ደግሞ የኛ ዕዳ ነው።